ዕድሉ አለ፣ ወሬው ግን ጣርማ በርን አይወርድም

የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለቀ ዕለት የሚሰማውን ደስታ ሁላችንም የምናስታውሰው ይመስለኛል። ደብተር ተወርውሮ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ተጨፍሮ ይገባል። ታዲያ ከዚያ በኋላስ? ተፈታኙ ውጤቱን አይቶ፣ ተመድቦ፣ ዩኒቨርሲቲ እስኪጠራው ድረስ ሦስትና አራት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቤቱ ይቀመጣል። ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ስለዚህ ጊዜ ለመጻፍ ነው።

ያደግሁት ሸዋ ሮቢት ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ ጃኬት የሚወልቅበት የይፋት ቆላ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ክረምት ማሾና ጤፍ የሚዘራበት፣ ማሽላ የሚታረምበት ወቅት ነው። የገበሬ ልጅ ማሳ ይወርዳል፤ ከተሜው ሱቅ ይጠብቃል ወይም የሰው ባጃጅ ይነዳል። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የብዙዎቻችን የደብተርና የትራንስፖርት ወጪ የተሸፈነው በዚሁ ሥራ ነው።

ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድሜ 12ኛ ክፍልን ጨረሰ። ሌላው ልጅ ስለ ኳስ ሲያወራ እሱ ስለ ሂሳብ የሚያወራ ዓይነት ልጅ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ መማር ይፈልጋል፤ ኮምፒውተር የነካው ግን በጣት በሚቆጠሩ ቀናት፣ ያውም አንዱን ለሦስት ተጋርቶ ነው። ለእረፍት ቤት ስገባ የአጎታችንን ሱቅ ሲጠብቅ አገኘሁትና በጨዋታ መሐል፣ «ላንተ ዓይነቱ የሚሆን የክረምት ስልጠና ነበር እኮ፤ ግንቦት ላይ ማስታወቂያውን አይቼዋለሁ» አልኩት። ልጁ ዝም ብሎ አየኝና፣ «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ጋዜጠኝነት እየተማርኩ፣ ከሰሌዳ ላይ ያነበብኩትን ወሬ ለገዛ ወንድሜ አላደረስኩም። የምዝገባው ጊዜ ደግሞ ካለፈ ቆይቷል።

ለመሆኑ ምን ዕድል አለ? ብዙዎቻችን «እዚህ አገር ምን አለና» ማለት ይቀናናል። እስቲ አንዱን እንመልከት። እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆኑት ጄላኒ ኔልሰን የተባለ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር፣ ዛሬ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ፕሮፌሰር ነው፤ በ2003 ዓ.ም ክረምት አዲስ አበባ ላይ አዲስኮደር የተባለ ስልጠና ጀመረ። ስልጠናው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለአራት ሳምንት በነፃ ፕሮግራሚንግና አልጎሪዝም ያስተምራል። ከዚያ በፊት ፕሮግራም ጽፎ ማወቅ ግዴታ አይደለም። በዚህ በር ካለፉት ከ500 በላይ ወጣቶች መካከል ሃርቫርድና ኤም አይ ቲ የገቡ አሉ።

ይህ ብቻ አይደለም። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በሳይበር፣ የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ደግሞ በራሱ ዘርፍ ወጣቶችን በክረምት ያሰለጠኑባቸው ዓመታት አሉ። እንደ ባሕር ዳር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሳይንስና የሂሳብ ዝንባሌ ላላቸው የአካባቢ ተማሪዎች የስቴም ማዕከል ከፍተዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ይፋ የሆነው «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ደግሞ በኢንተርኔት የሚሰጥ ነፃ ስልጠና ነው። የእያንዳንዱ ጊዜና መስፈርት ይለያያል፤ ከዓመት ዓመትም ይቀየራል። ስለዚህ ዋናው ቁም ነገር በጊዜው መስማት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ዕድል ለሚፈልጋት ነው፤ ልጁ ራሱ ይፈልግ» ይሉኛል። በከፊል እውነት ነው። ግን ወዴት ሄዶ ነው የሚፈልገው? በ2013 ዓ.ም አጣዬ ተቃጥላ፣ ሸዋ ሮቢትም ተጎድታ ነበር። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ከተማችን ገባ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ማመልከቻው በኢንተርኔት፣ ማስታወቂያው በኢንተርኔት፣ ስልጠናው በኢንተርኔት ሆኖ ሳለ ኔትወርክ የሌለውን ልጅ «ለምን አልፈለግህም» ብሎ መውቀስ ፍርድ አይደለም። አዲስ አበባ ያለው ተማሪ ወሬውን ከጎረቤቱ ልጅ ይሰማል፤ የይፋቱ ልጅ ጎረቤቱም አልሰማም።

ሌሎች ደግሞ «የቆላ ልጅ ከንግድና ከእርሻ ውጪ ምን ያደርግለታል» ይላሉ። ይህ አነጋገር በጣም ያናድደኛል። በይፋት ፋሲካ መቼ እንደሚውል በባሕረ ሐሳብ የሚያሰላ ዲያቆን አለ። 2018 ላይ 5500 ይደምራል፣ ለ19 ያካፍላል፣ ከቀሪው አንድ ያነሳል፣ 12 ወንበር ይሆናል። ያንን በ11 አባዝቶ ለ30 ያካፍልና ቀሪውን አበቅቴ ይለዋል። በሌላ በኩል የሟችን ውርስ በግማሽ፣ በሲሶ፣ በሩብና በስምንተኛ እያሰሉ ለወራሾች የሚያከፋፍሉ ሼኾች አሉ። ደረጃ በደረጃ የሚሄድ፣ በትክክል ከተከተሉት ሁልጊዜ አንድ መልስ የሚሰጥ ስሌት አልጎሪዝም ካልተባለ ምን ሊባል ነው? እንግዲህ ሂሳቡ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የጎደለን መሣሪያውና መንገዱን የሚጠቁመን ሰው ነው።

ታዲያ እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ምን እናድርግ? ኮምፒውተር መግዛት አንችልም። ወሬ ማጣራትና ማድረስ ግን የምንማረው ሙያ ነው። በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ አምስት ስድስት ሆነን የክረምት ስልጠናዎችን ማስታወቂያ እንሰብስብ። ወደ አዘጋጆቹ ደውለን እናረጋግጥ፦ እውነት ነው? ነፃ ነው? ማደሪያና ምግብ አለው? ለሴቶች ምን ታስቧል? መቼ ይዘጋል? ያጣራነውን በአንድ ገጽ ጽፈን እያንዳንዳችን ለተማርንበት ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ክበብ እንላክ። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማው ሰልፍ በኋላ በማይክ ቢነበብ ኢንተርኔት የሌለውም ይሰማል። ወረቀቱ የሚጓዘው ደግሞ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ተማሪ እጅ ስለሆነ ወጪ የለውም። መምህራኖቻችን ይህንን እንደ ተግባር ልምምድ ቢቆጥሩልን ደግሞ እሰየው ነው።

እርግጥ ነው፣ ወሬው የደረሰው ሁሉ ስልጠና አይገባም። ቦታው ጥቂት ነው፤ ማሳውን ጥሎ መሄድ የማይችልም አለ። ቢሆንም ሰምቶ መቅረትና ሳይሰማ መቅረት አንድ አይደሉም። የሰማው ቢያንስ ለታናሹ ይነግራል።

ወንድሜ አሁንም ሂሳቡን አልተወም። ከሱቁ ባንኮኒ ላይ፣ ከዱቤ መዝገቡ ጎን፣ የራሱ የስሌት ደብተር ተቀምጧል። እኔ ግን «ለምን አልነገርከኝም» ያለኝን አልረሳሁም። የፊታችን ሚያዝያ ላይ አብሮኝ የሚሠራ ካለ፣ እነሆ ስሜ ከጽሑፉ ሥር አለ፤ ክፍል ውስጥም ከኋላ ወንበር አልጠፋም።

ቸር እንሰንብት!