ዋጋው ሳይጻፍ ሕክምናው አይጀመር

ሰሞኑን አንዲት እናት ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጥታ ነበር። ከቦርሳዋ በላስቲክ የታሰረ የወረቀት ክምር አውጥታ አንዱን መዘዘችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በላዩ የአራት ዓመት ተኩል ልጇ ስም አለ። ከስሙ ሥር አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል፦ «የሕክምና ፕሮግራም፣ 6,000 ዶላር፣ ተከፍሏል።» አንዱ ዙር ስንት እንደሚያወጣ፣ ልጁ ቢያቋርጥ ስንት እንደሚመለስ የሚል ነገር የለበትም። በቃል የተነገራት አርባ ዙር ነው። ልጇ ስምንቱን ገባ። ጆሮውን እያመመው፣ በር ላይ እየተንፈራገጠ እንቢ ሲል አቋረጠች። የቀረውን ገንዘብ ስትጠይቅ «ፓኬጅ ስለሆነ አይመለስም» አሏት። ገንዘቡ የእቁብ ነበር።

«የልጅ ነገር ሆኖብኝ ነው እንጂ እኔስ ሒሳብ የማላውቅ ሰው አይደለሁም» አለችን። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ በየማታው ሳንቲም ሳታጎድል የምታስረክብ ሴት ናት።

ልጇ ኦቲዝም አለበት፤ ኦቲዝም ደግሞ በየቤታችን ያለ ነገር ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2025 ባወጣው ሪፖርት፣ ክትትል በሚደረግባቸው አካባቢዎች ከ31 የስምንት ዓመት ልጆች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ታውቋል። በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግም በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያም እንግዳ ሲመጣ ልጁን ወደ መኝታ ቤት የሚያስገባ ቤተሰብ እናውቃለን። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ለብቻው ይፈልጋል፣ ለብቻው ይከፍላል፣ ሲከስርም ለብቻው ዝም ይላል። አላግባብ የሚያስከፍሉትም የሚተማመኑት በዚህ ዝምታ ነው።

የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው። ለኦቲዝም እንደሚሠራ ላልተረጋገጠ ሕክምና ከአንድ ዙር ያለፈ ቅድሚያ ክፍያ መቀበል በሕግ ይከልከል። ዋጋው በዝርዝር፣ ማስረጃውም ወላጁ በሚገባው ቋንቋ ተጽፎ እጁ ሳይገባ ሕክምናው አይጀመር።

ለዚያ ልጅ የተሸጠው ሃይፐርባሪክ የሚባለው፣ በግፊት ኦክስጅን የሚሰጥበት ክፍል ነው። መሣሪያው በቦታው ጠቃሚ ነው፤ ከባሕር ውስጥ በፍጥነት የወጣ ጠላቂን፣ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተመረዘን ሰው ያድናል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍ.ዲ.ኤ.) ግን ለኦቲዝም አልፈቀደውም፤ በ2013 ሕዝቡ እንዳይታለል ሲያስጠነቅቅ ኦቲዝምን በስሙ ጠቅሶታል። በጥር 2025 መጨረሻ ደግሞ ሚሺጋን ውስጥ ትሮይ ከተማ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ሳለ በተነሳ ፍንዳታና እሳት ሞቷል። እሱ የገባው ለኦቲዝም አልነበረም፤ የእንቅልፍና የትኩረት ችግር ይታከማል ተብሎ ነው። ወላጆቹ ግን የገዙት ተስፋ ከዚህች እናት ተስፋ አይለይም።

አንዳንድ ቤተሰብ ዘንድ ደግሞ ነገሩ የሚጀምረው በላቦራቶሪ ወረቀት ነው። ልጁ መጀመሪያ ብረት ከሰውነት የሚያወጣ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ከዚያ ሽንቱ ይለካል። መድኃኒቱ ብረት እንዲወጣ ስለሚያደርግ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ውጤቱ የሚነጻጸረው ግን መድኃኒቱን ካልወሰዱ ሰዎች ልኬት ጋር ነው። በወረቀቱ ላይ እርሳሱም ሜርኩሪው በቀይ ይሰመራል፤ እናት ቀዩን ስታይ ትደነግጣለች፤ የደነገጠች እናት ዋጋ አትከራከርም። የአሜሪካ የሕክምና ቶክሲኮሎጂ ኮሌጅ ይህ ዓይነቱ ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው በይፋ ካሳወቀ ዓመታት አልፈዋል። ከምርመራው ቀጥሎ የሚመጣው ኬሌሽን የተባለው ሕክምና ነው። በ2005 ፔንስልቬንያ ውስጥ ኦቲዝም የነበረበት የአምስት ዓመት ልጅ በዚህ ሕክምና ሞቷል። በደም ሥሩ የተሰጠው መድኃኒት የደሙን ካልሲየም አሟጦ ልቡን አቆመው።

«እኔ ግን ለውጥ አይቻለሁ» የሚል ወላጅ አለ። እናምነዋለን፤ አልዋሸም። ነገር ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ ሴክሬቲን በተባለ ሆርሞን ላይ የሆነውን ያስታውስልን። ጥቂት ልጆች ከመርፌው በኋላ ተሻላቸው ተባለ፤ ወሬው ተዛመተ፤ ወላጆች ሆርሞኑን ፍለጋ ተሯሯጡ። በ1999 የታተመ ጥናት 60 ልጆችን ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ ሴክሬቲን፣ ለግማሾቹ የጨው ውሃ ሰጠ። ሴክሬቲኑ ከጨው ውሃው የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ለእኛ ከዚህ ሁሉ የከበደን የመጨረሻው ቁጥር ነው፤ ውጤቱ ከተነገራቸው በኋላ እንኳ ከመቶ 69 የሚሆኑት ወላጆች መርፌውን አሁንም እንፈልጋለን አሉ። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል። እንደዚህ የጨነቀውን ሰው «አንብበህ ፈርመሃል» ብሎ ስድስት ሺህ ዶላር ማስቀረት ንግድ ሊባል አይገባም።

ሕጉ ጨርሶ አልተኛም። ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው፣ ኖ ሰርፕራይዝስ አክት የተባለው የፌዴራል ሕግ ኢንሹራንስ የሌለው ወይም ከኪሱ የሚከፍል ታካሚ ከቀጠሮው በፊት በጽሑፍ የዋጋ ግምት እንዲሰጠው ያዝዛል። የመጣው ሒሳብ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ፣ ሒሳቡ በደረሰ በ120 ቀን ውስጥ 25 ዶላር ከፍሎ በገለልተኛ ወገን እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። ይህን የሚያውቅ አንባቢ ስንት ነው? ለዚያች እናት ማንም አልነገራትም፤ ግምትም አልተሰጣትም።

ሕጉ ግን የሚመዝነው ቁጥርን ከቁጥር ነው። 6,000 ዶላር ብሎ ገምቶ 6,000 ዶላር የተቀበለ ክሊኒክ፣ የሸጠው ነገር ባይሠራም በዚህ ሕግ ፊት ንጹሕ ነው። የባለሙያ ፈቃድ የሌለው ሻጭማ ጭራሹን ከሕጉ ውጭ ነው። የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሕግ አውጪዎች ሊደፍኑት የሚገባ ቀዳዳ ይህ ነው።

ስለ አከፋፈሉም ሁለት ነገር እንበል። ክሊኒኩ ጠረጴዛ ላይ የሚያስሞላው የሕክምና ክሬዲት ካርድ «ለአሥራ ስምንት ወር ያለ ወለድ» ሲል፣ ብዙውን ጊዜ በቀነ ገደቡ ትንሽ ዕዳ ከቀረ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታሰባል። ሁለተኛው ለኢንሹራንሱ የሚላከው የበሽታ ኮድ ነገር ነው። ኢንሹራንሱ ለኦቲዝም አልከፍልም ሲል በብረት መመረዝ ወይም በሌላ የበሽታ ስም እናስከፍልልሃለን የሚሉ አሉ። ወላጁ እንደ ውለታ ይቆጥረዋል። ኢንሹራንሱ በኋላ መርምሮ ገንዘቡን ሲያስመልስ ግን ዕዳው ወደ ቤተሰቡ ሊዞር ይችላል፤ በልጁ የሕክምና ማኅደር ላይም ያልታመመው በሽታ ተጽፎ ይቀራል።

ወላጅ የመምረጥ መብት አለው የሚለውን ክርክር እናከብራለን። ኢንሹራንሶችም ለተመሰከረለት ሕክምና ጭምር ስንት ጊዜ እንደሚከለክሉ፣ ለቴራፒ ወረፋ ስንት ወር እንደሚጠበቅ እናውቃለን። የማይሠራው ነገር ገበያ ያገኘው የሚሠራው ስለዘገየ ነው። ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሳ በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው ለራሷ ልጅ የሚሆን ቦታ አጥታ ነበር። እዚህ ግን በሕግ የተሰጠ ነገር እያለ ሳንጠይቀው የሚቀር አለ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የዕድገት ምርመራ ነፃ ነው። ከሦስት ዓመት ጀምሮ ደግሞ ኦቲዝሙ በትምህርቱ ላይ ተጽዕኖ ያለው ልጅ፣ ስፒች ቴራፒን ጨምሮ ለትምህርቱ የሚያስፈልገውን አገልግሎት የሕዝብ ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይገደዳል። ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ፤ ቀኑ ይጻፍበት፤ ቅጂው ይቀመጥ።

በማኅበረሰባችን ያሉ ሐኪሞችና ነርሶችም ዝም አይበሉ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን «ይህ ነገር ይሠራል ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ ሰው እንዳይከፋው ብለው «ሞክሩት» ማለታቸው ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ እየከተተ ነው። የማይሠራ ከሆነ አይሠራም ይበሉ፤ የሚሠራው የት እንዳለም ያመልክቱ።

እናትየዋ ከመሄዷ በፊት ቢሯችን ተቀምጣ ለክሊኒኩ ደብዳቤ ጻፈች። የጠየቀችው ሦስት ነገር ነው፦ የእያንዳንዱ ዙር ዋጋ፣ ልጇ የገባባቸው ቀናት ዝርዝር፣ ያልተጠቀመበት የሠላሳ ሁለት ዙር ገንዘብ። ቅጂውን ከደረሰኙ ጋር አጥፋ በላስቲኩ አሰረችው። ዋናውን በአደራ ፖስታ ለመላክ ይዛው ወጣች።