ልጄና የጨዋታው ወታደሮች

በክፋር ግቢሮል ማታ ማታ ከየቤቱ የሚሰማው «ያንን ጨዋታ ዝጋ!» ነው። እኔም እል ነበር። አባቴ ቄሱም እኛን ከገበጣ በዱላ ነበር የሚያስነሡን።

ባለፈው ሰንበት ከወጣ በኋላ ግን በመጪው ዓመት ጻባ ከሚገባው ታናሹ ልጄ ጎን ተቀመጥኩ። የሚጫወተው «ፋየር ኤምብለም» ይባላል፤ ጃፓኖች ከ1990 ጀምሮ በተከታታይ የሚያወጡት የጦርነት ጨዋታ ነው። እሱ ብዙዎቹን ጨርሷቸዋል። እንደ ገበጣ በተራ ነው፣ ጥድፊያ የለውም። ብቻ እያንዳንዱ ወታደር ስምና ታሪክ አለው፤ የሞተ ደግሞ እስከ መጨረሻው አይመለስም። በኋላ በወጡት ላይ የሞተው የሚመለስበት ቀላል መንገድ ገብቷል፤ ልጄ አይመርጠውም። አንድ ቀስተኛ ሞተበትና የአንድ ሰዓት ድካሙን ጥሎ እንደገና ጀመረ። «በእኔ ጥፋት ነው የሞተው፣ አባ» አለኝ።

በ2019 የወጣው «ስሪ ሃውዝስ» ላይ ደግሞ ተጫዋቹ አስተማሪ ነው። ከሦስት ክፍል አንዱን መርጦ ያስተምራል። ጦርነት ይነሣል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የሌሎቹን ክፍሎች ተማሪዎች ጦር ሜዳ ላይ ጠላት ሆነው ያገኛቸዋል።

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ጎንደር አንድ ወንበር ላይ ከተማርን ልጆች አንዱን ደርግ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰደው፣ ሌላው ኢሕዴን ገባ። ይህንን ለልጄ ነግሬው አላውቅም ነበር። እሱ በዕብራይስጥ እየጠየቀ፣ እኔ በአማርኛ እየመለስኩ እኩለ ሌሊት ሆነ። ስማቸውን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።

«ተገናኙ?» አለኝ።

ስለ አንደኛው እስከ ዛሬ የሰማሁት የለም።