ሳይንስና ቴክኒክ ለታዳጊ አገሮች፤ የእንዶድ ምሳሌነት

በማደግ ላይ ላሉ አገሮች ሳይንስና ቴክኒክ ያስፈልጋቸዋል ሲባል፣ ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው ከባሕር ማዶ ተገዝቶ የሚመጣውን መሣሪያ ነው። መሣሪያ መግዛት ገንዘብ ላለው ሁሉ ይቻላል፤ የራስን ችግር በራስ ምርመራ መፍታት ግን ሌላ ዝግጅት ይጠይቃል። ይህንንም የእንዶድ ታሪክ በሚገባ ያስረዳናል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ የቢልሃርዚያን በሽታ ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። የበሽታው ትል ወደ ሰው ገላ ከመግባቱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ የሚያድግ ስለሆነ፣ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ነገር የበሽታውን መተላለፊያ ይቆርጣል ማለት ነው። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተደረገው ሙከራም በበሽታው የተያዘው ሕዝብ ከመቶ 63 ወደ 33 ዝቅ አለ። የሥራ ጓደኛቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ኃይለኛውን የእንዶድ ዓይነት ለይተው አወጡ።

ታዲያ ይህን የመሰለ ግኝት ስለ ምን በየወንዙ ዳር ሳይደርስ ቀረ? ግኝት በሥራ ላይ እስኪውል ድረስ ረጅም መንገድ አለውና ነው። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል፣ መጠኑና አጠቃቀሙ፣ ለሰውም ጉዳት የሌለው መሆኑ፣ ዓለም አቀፍ ደንብ በሚቀበለው ላቦራቶሪ መረጋገጥ ነበረበት። ይህን የሚያሟላ ላቦራቶሪና ገንዘብ በአገር ውስጥ ባለመገኘቱ፣ ምርመራው ለብዙ ዓመታት የውጭ እርዳታ ሲጠብቅ ኖረ።

ሁለቱ ሊቃውንት በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በ1993 ደግሞ በሰሜን አሜሪካ የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑትን ዛጎል ለበስ እንስሶች በእንዶድ የማጥፋት ዘዴ ፓተንት ሲሰጠው፣ ዶክተር አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ቢሆኑም፣ የመብቱ ባለቤት የሆነው የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። በአገራችን ግን ቢልሃርዚያን ለመቆጣጠር ዛሬ በዋናነት የሚሠራበት ፕራዚኳንቴል የተባለው ኪኒን ነው። እርሱም ትሉን ከሰውነት ያጠፋል እንጂ፣ ወደ ወንዙ የተመለሰውን ሕፃን ዳግመኛ ከመያዝ አያድነውም።

እንግዲህ ሳይንስ የሊቃውንት ሥራ ብቻ አይደለም። የዛሬው ተማሪ እናቶቻችን በየዕለቱ የሚሠሩበትን ነገር ለምን ብሎ ይጠይቅ፤ ወጣቱ ሹምም ለፍተሻ፣ ለደረጃ ምርመራና ለፓተንት የሚያስፈልገውን በጀት እንደ ትርፍ ወጪ አይቁጠረው። የመጀመሪያው ግኝት በአንድ ሰው ትጋት ሊገኝ ይችላል፤ ወደ ሕዝቡ የሚያደርሰው ግን ያለ መሥሪያ ቤት ድጋፍ አይሆንም። ይህ ካልተሟላ፣ ዘሩ ከእኛ ሆኖ አዝመራው የሌላ ሲሆን ማየታችን አይቀርም።