ረመዳን ቦርጭ ያጠፋል፤ ኢፍጣሩ ከፈቀደ!

ረመዳን በገባ ቁጥር በየኳስ ማያ ቤቱ የሚሰማ ፉከራ አለ። «ዘንድሮስ ይቺን ቦርጭ አራግፌ ነው ዒድን የምቀበለው!» የሚል። ፎካሪው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ኳስን ወንበር ላይ ሆኖ የሚጫወተው ደጋፊ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ያምርለታል፤ ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ይገባል። በሁለተኛው ሳምንት ቀበቶው እዚያው ይቆማል። ዒድ አልፎ አስራ አምስት ቀን ሲሞላው ግን ቀበቶው የድሮ ቀዳዳው ላይ ተመልሶ ይገኛል።

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም አይደለም። በተለያዩ አገሮች በረመዳን የሚጾሙ ሰዎችን ክብደት የለኩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ የሚሉት ይህንኑ ነው። በወሩ ውስጥ የሚቀንሰው በአማካይ 1 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ከጾሙ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ይመለሳል። ወር ሙሉ ተጹሞ 1 ኪሎ!

ጥፋቱ የጾሙ አይደለም። ጨዋታው የሚበላሸው ከመግሪብ በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ 1 ለ 0 ሲመራ የዋለ ሰው አዛን ሲሰማ ተከላካዮቹን በሙሉ ለቆ ወደ ፊት ይወጣል። ቴምሩ ምንም አይልም፣ ሾርባውም ደግ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በዘይት የተጠበሰው ሳምቡሳ በሦስት በአራት ይገባል፣ ሙሸበኩ ይከተላል፣ ስኳር የበዛበት ጭማቂ ይወርዳል። ልብ በሉ፣ ዋናው እራት ገና አልቀረበም። እራቱ ካለቀ በኋላ ደግሞ የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ አለ። እስከ እኩለ ሌሊት ተቀምጦ፣ ለስሁር ተነስቶ፣ እስኪበቃ በልቶ ተመልሶ መተኛት። ምሳ ቀርቷል ይባላል እንጂ ምሳው ወደ ማታ ነው የተዛወረው። (ለክርስቲያኑም ቢሆን ያው ነው። የ55 ቀኑን ጾም ትርፍ ፋሲካ ላይ በአንድ ጠዋት የሚመልሰው ስንት አለ?)

ሃይማኖቱ ግን እንዲህ አላለም። የነቢዩ ትምህርት ሆድን ለሦስት ይከፍለዋል፤ ሲሶው ለምግብ፣ ሲሶው ለመጠጥ፣ ሲሶው ለትንፋሽ። ዛሬ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች «ሳትጠግብ ተነስ» የሚሉት ምክር መስጊድ ውስጥ ከሺህ ዓመት በላይ ሲነገር የኖረ ነው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የጾሙ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ከ13 እስከ 14 ሰዓት አካባቢ ነው። ረመዳን በበጋቸው በዋለባቸው ዓመታት ከ18 ሰዓት በላይ ከሚጾሙት የሰሜን አውሮፓ ሙስሊሞች ጋር ሲነጻጸር የእዚህ አገር ጿሚ ሜዳው ተመችቶታል።

«ጾም ጉልበት ይገድላል» የሚሉ ወገኖች ሁልጊዜ የሚጠቅሱት ሱሌይ ሙንታሪን ነው። በነሐሴ 2009 (እ.ኤ.አ.) ኢንተር ሚላን ከባሪ ጋር 1 ለ 1 በተለያየበት ጨዋታ ጆዜ ሞሪንሆ ጋናዊውን አማካይ ግማሽ ሰዓት ገደማ ላይ ቀይሮ አስወጣው። በዚያ ሙቀት ከረመዳኑ ጋር ተጫዋቹ ጉልበት እንዳነሰው በመናገሩም የኢጣሊያ ሙስሊሞችን አስቆጥቶ ነበር። ይሁንና ከሌላ ስፖርት ምሳሌ መዋስ ከተፈቀደ፣ በየካቲት 1995 ሐኪም ኦላጁዎን እየጾመ ቅርጫት ኳስ ተጫውቶ የኤንቢኤ የወሩ ኮከብ ተብሏል። ጥናቶቹም ቢሆኑ እንዲሁ ናቸው። በአልጄሪያ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ላይ የተደረገው ፍጥነትና ጽናት እንደሚወርድ አሳየ፤ በቱኒዚያ ወጣት ቡድኖች ላይ የተደረገው ደግሞ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላገኘም። እንቅልፉን፣ ውሃውንና የልምምድ ሰዓቱን ያስተካከለ ይቋቋመዋል። ያላስተካከለ ይወድቃል።

ባለሙያ እንዴት እንደሚያፈጥር ማየት የሚፈልግ ሚያዝያ 26 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) የተደረገውን የሌስተርና የክሪስታል ፓላስ ጨዋታ ያስታውስ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ የፓላሱ ግብ ጠባቂ ቪሴንቴ ጓይታ የመልስ ምቱን ሳይመታ ጥቂት ቆየ። በዚያች ቅጽበት የሌስተሩ ዌስሊ ፎፋናና የፓላሱ ቼኩ ኩያቴ አፈጠሩ። ሁለቱም ትንሽ ቀምሰው ተከላካይነታቸውን ቀጠሉ። ሳምቡሳ አልነበረም!

በተቃራኒው አቋራጭ መንገድ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የኮሎ ቱሬ ታሪክ ይናገራል። ጿሚና ሰጋጅ መሆኑ የሚታወቀው አይቮሪኮስታዊ ማንቸስተር ሲቲ ሳለ በ2011 በምርመራ የተከለከለ ነገር ተገኘበትና ለስድስት ወር ታገደ። የቀድሞ አሰልጣኙ አርሰን ቬንገር እንዳስረዳው ተጫዋቹ ክብደቱን ለመቆጣጠር ብሎ የሚስቱን መድኃኒት ነበር የወሰደው። ጉልበት ለመጨመር አስቦ አልነበረም፤ ግን አቋራጭ አቋራጭ ነው። ዛሬም በየሰፈሩ «ቦርጭ አጥፊ» እየተባለ ስሙ የማይታወቅ ሻይና ኪኒን የሚገዛው ሰው ከዚህ ቢማር ምን አለበት?

እዚህ ላይ «ጾም ዒባዳ ነው፣ ለአላህ እንጂ ለቦርጭ አይጾምም» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ነገር ግን ጾም ለጤናም የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ለቦርጭ ብሎ ምግብ የተወ ሰው በሦስተኛው ቀን ጓደኛው ክትፎ ሲጋብዘው እጁን ይታጠባል። ኒያ አድርጎ የጾመው ግን ማንም በማያየው ክፍል ውስጥ ብቻውን ሆኖ ውሃ ቢጠማው እንኳ ብርጭቆውን አያነሳም። እንዲህ ያለ ዲሲፕሊን በየትኛውም ጂምናዚየም በወርሃዊ ክፍያ አይገኝም። ወር ሙሉ ይህን የቻለ ሰው ከዒድ በኋላ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መተው ያቅተዋል ቢባል ማን ያምናል?

ለፈጅር የሚነሳው ሰው ደግሞ ሌላው ያላገኘው ሀብት አለው። ከሶላት በኋላ አስፋልቱ ከመኪና ነፃ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ ከልካይ የለውም። ተመልሶ ብርድ ልብስ ውስጥ መግባት ግን የብዙዎች ምርጫ ነው። በረመዳን ወቅትም ቢሆን ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ከመግሪብ በፊት ባለው ሰዓት ማድረግ ይቻላል፤ ከበድ ያለው ካፈጠሩና ውሃ ከጠጡ በኋላ ይሁን። ታራዊሑም ወደ መስጊድ በእግር ከተሄደለት ቀላል አይደለም።

አንድ ነገር ግን መረሳት የለበትም። ስኳር በሽታ ያለበት፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ፣ የኩላሊት ሕመምተኛና ነፍሰ ጡር ወሩ ከመግባቱ በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው። ለሕመምተኛና ለመንገደኛ ፈቃድ የሰጠው ራሱ ሃይማኖቱ ነው፤ ይህን ፈቃድ እንደ ሽንፈት ቆጥሮ ሆስፒታል መግባት ጀግንነት አይደለም።

ቦርጩ በዒድ ሳምንት የተመለሰበት ሰውም ቢሆን ጨዋታው አላለቀበትም። ከዒድ ማግስት ጀምሮ በሸዋል ወር የሚጾሙ ስድስት ቀናት አሉ። ከዚያ በኋላ ሰኞና ሐሙስ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናቸው። ሰኞ ደግሞ ትልልቅ ጨዋታዎች የማይበዙበት ቀን ነው፤ በጊዜ ለመተኛትም ይመቻል።