ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም

በየዓመቱ ግንቦትና ሰኔ ሲገባ እኛ በውጭ የምንኖር ሰዎች እርስ በርስ የምንጠያየቀው አንድ ነገር አለ፤ «ዘንድሮ አገር ቤት ትገባለህ ወይ?» ድሮ መልሱ ሁለት ዓይነት ነበር። ወይ «ፈቃድ አልሰጡኝም»፣ ወይ «ሁለት ሳምንት ነው ያገኘሁት»። ከኮሮና ወዲህ ግን ሦስተኛ መልስ መጥቷል፤ «አዎ፣ ሥራዬን ይዤ እሄዳለሁ»። ሰሚውም «ታድለህ!» ይላል።

እኔ ይሄ ነገር እንደሚባለው መታደል ነው ብዬ አላምንም። አባቶቻችን ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው። በተለይ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንድ ላይ ሆነው ከአዲስ አበባ ወጥተው እንደ ከፋ ባለ የዝናብ ደን ውስጥ ጥቂት ቀን ሊከርሙ ከሆነ ላፕቶፑ አብሮ መሄድ የለበትም። ለምን እንደምል ላስረዳ።

በመጀመሪያ ሰዓቱን እንቁጠር። በአሜሪካ የበጋ ወራት በዋሺንግተንና በአዲስ አበባ መካከል የ7 ሰዓት ልዩነት አለ። የዋሺንግተን ቢሮ ጠዋት 3 ሰዓት ሲከፈት ኢትዮጵያ ውስጥ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ቢሮው ሲዘጋ እኛ ዘንድ ሌሊት 6 ሰዓት ይሆናል። የካሊፎርኒያው ደግሞ ይብሳል፤ ምሽት 1 ሰዓት ጀምሮ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ነው። «ቀን ቀን ከቤተሰብ ጋር ነኝ፣ የምሠራው ማታ ማታ ብቻ ነው» የሚለው ሰው እንግዲህ የሚሰጠው የትኛውን ሰዓት እንደሆነ ልብ እንበል። ቡና የሚፈላበትን፣ እራት የሚቀርብበትን፣ ከእራት በኋላ ያለውን ጨዋታ ነው። እናቶቻችን የሆዳቸውን የሚያወሩት በዚያ ሰዓት ነው። ጠዋት ደግሞ ሰውየው እንቅልፉን ስላልጨረሰ ይተኛል። አገር ቤት ገብቷል፣ ግን በሰዓት ዋሺንግተን ነው ያለው። እውነት ነው፣ ለንደንና ጂዳ ያለ ሰው ልዩነቱ ጠባብ ነው፤ እሱ ግን በምትኩ ቀኑን በሙሉ ያጣል።

ወደ ደኑ ልምጣ። ከፋ ከአዲስ አበባ በመኪና 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በጅማ በኩል አድርጎ ቦንጋ ያስገባል። ዩኔስኮ ከፋንና ያዩን በ2010፣ ሸካን በ2012፣ ማጃንግን በ2017 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቧቸዋል። ዓለም በሙሉ የሚጠጣው አረቢካ ቡና በዱር ከበቀለባቸው ደኖች ዋነኞቹ እዚህ ደቡብ ምዕራብ ውስጥ ናቸው። ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናው ራሱን ችሎ ይበቅላል፤ ከቡናው ሥር ኮረሪማ አለ፤ ከላይ ጉሬዛ ይዘላል፤ ቅርንጫፉ ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። ብዙዎቻችን በየካፌው ወረፋ ይዘን «የኢትዮጵያ ቡና» ብለን እያዘዝን፣ ይህን ቦታ በዓይናችን አላየነውም።

እኛ ስንሄድ ሦስት ትውልድ ነበርን። 74 ዓመት ያለፋት እናቴ፣ እህቴና እኔ፣ እንዲሁም ሁለት ልጆች። የጉዞውን ፍጥነት የሚወስነው የእናቴ ጉልበት ነበር። አስጎብኚው የሁለት ሰዓት መንገድ ያለውን እኛ ግማሽ ቀን ፈጀንበት። አሥር እርምጃ፣ አረፍ፤ አሥር እርምጃ፣ አረፍ። ይሄ ዝግታ ግን ጉዳት አልነበረውም። እናቴ ያደገችው ጅማ ነው፤ ስታርፍ ዙሪያዋን ታያለች፣ ስታይ ትናገራለች። ይሄ ዋንዛ ነው፣ ይሄ ቀረሮ ነው፣ ያ ደግሞ ጥቁር እንጨት። ኮረሪማውን ፈልጣ ለልጄ አሸተተችው። ልጁ ሽታውን ከቤታችን ቅቤ ያውቀዋል፤ ከመሬት እንደሚወጣ ግን አያውቅም ነበር። «አያቴ ልጅ ሳለች ይህን ማን ነው የሚለቅመው?» ብሎ ጠየቀ። የጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። ተረጎምኩላት። መለሰች፤ መልሱን ተረጎምኩለት። እንዲህ እየተባባልን አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን።

ዋናው ነጥቤ እዚህ ላይ ነው። በስደተኛ ቤተሰብ ውስጥ መካከለኛው ትውልድ፣ ማለትም እኔና እርስዎ፣ ድልድይ ነን። አያት አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ትናገራለች፤ የልጅ ልጅ እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛ ወይም ስዊድንኛ። ድልድዩ ላፕቶፕ ላይ ካቀረቀረ ሁለቱ ወገኖች ወዲያና ወዲህ ማዶ ቆመው ይተያያሉ። ይሳሳማሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፤ ግን አይነጋገሩም። ሌላው ሰው ዕረፍት ላይ ቢሠራ የሚጎዳው በአብዛኛው ራሱን ነው። እኛ ስንሠራ ሁለት ሰዎች አፍ ያጣሉ። አያት የዛፉን ስም ለማን ትንገር? ልጁስ ለማን ይጠይቅ?

ሌላ ሒሳብ ልጨምር፤ ደስ አይልም፣ ግን እውነት ነው። እናቱ 74 ዓመት የሆናት ሰው በየሁለት ዓመቱ ለሦስት ሳምንት አገር ቤት ይገባል እንበል። እግዚአብሔር ዕድሜ ሰጥቷት ሌላ 10 ዓመት ብትኖር፣ የቀረው 5 ጉዞ ነው። 15 ሳምንት፤ 105 ቀን። ከዚህ ላይ ምሽቶቹን ለቢሮ ሲሰጥ ምን ያህል እንደሚቀር ሁሉም ለራሱ ያስላው። በዚያ ላይ ከ105ቱ ቀን ጉልበቷ ደን ውስጥ ለመግባት የሚፈቅድላት ስንቱ ነው?

«አንተ ምን አለብህ፣ ሁሉም ሰው እንዳንተ ፈቃድ አያገኝም» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው። አሜሪካ ውስጥ አሠሪ የሚከፈልበት የዓመት ዕረፍት እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። ቪዛው ከአሠሪው ጋር የታሰረ ሰው «አይመቸኝም» ለማለት ሁለት ጊዜ ያስባል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ቢያንስ 4 ሳምንት ይሰጣሉ። ፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ፣ አውስትራሊያ ደግሞ ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጪ ለአለቃው መልእክት ያለመመለስ መብት እንዲኖረው በሕግ ደንግገዋል። ፖርቱጋልም አሠሪው ሠራተኛውን በዕረፍት ሰዓቱ እንዳያውከው አድርጋለች። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የሠራተኛ ሕግ ዓመት ለሞላው 30 ቀን ይሰጣል፤ ይሁንና በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችን ሕጉ ላይ ያለውንና እጇ የሚገባውን ለይታ ታውቃለች። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ እምቢ ማለት የማይችለውን ለመውቀስ አይደለም። የምናገረው መቻሉን እያወቅን ለማንችለው ሰዎች ነው። እነሱ ደግሞ ጥቂት አይደሉም።

ሌላው ጠንካራ ክርክር፣ «ሥራዬን ይዤ ባልሄድ ሁለት ሳምንት ነበር የማገኘው፤ ይዤ በመሄዴ አምስት ሳምንት ከእናቴ ጋር ሆንኩ» የሚለው ነው። ይሄን አልንቀውም። መልሴ ግን «አትሥራ» ሳይሆን «አትቀላቅል» ነው። አዲስ አበባ ያሉትን ሳምንታት ሥራ፤ ቤተሰብም ያውቀዋል፣ በሩን ዘግተህ ትሠራለህ። ደን የምትገቡባቸውን አምስት ቀናት ግን ከፈቃድህ ላይ ቁረጥና ሙሉ በሙሉ ስጥ። ግማሽ ሥራና ግማሽ ዕረፍት የተባለው ነገር ለሁለቱም አይሆንም።

«ደኑ ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ ነገሩ ራሱ ይፈታል» የሚሉም አሉ። አይፈታም። ቦንጋ ከተማ ስልክ ይሠራል፤ ደኑ ውስጥም ቢሆን አንዳንዱ ኮረብታ ላይ ይይዛል። አብሮን የነበረ አንድ ዘመዴ ኮረብታ ለኮረብታ ኔትወርክ ሲያሳድድ ነው የሰነበተው። ቢሮ ውስጥ ካለ ሰው ይልቅ ኔትወርክ የሚፈልግ ሰው የባሰ ሐሳቡ ይበተናል፤ አንደኛው ሥራውን ይሠራል፣ ሌላኛው ሥራውንም አይሠራ፣ ከሰውም ጋር አይደለም። ወደፊት ደግሞ ኔትወርክ የማይደርስበት ቦታ እየጠፋ ነው የሚሄደው። ውሳኔው ከሰውየው እንጂ ከማማው መምጣት የለበትም።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ከመሄዴ ከአንድ ወር በፊት ቀኖቹን ለአለቃዬ በጽሑፍ እሰጣለሁ። «ከተቻለ አየዋለሁ» የሚል ቃል አልጠቀምም፤ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የለሁም» ነው የምለው። ሥራዬን የሚረከበውን ሰው ስም እጽፋለሁ፣ በእጄ ያለውን ሁሉ ዘርዝሬ አስረክባለሁ። «አጣዳፊ» ማለት ምን ማለት እንደሆነም አስቀድመን እንስማማለን። ላፕቶፑ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ይቀመጣል። ለቤተሰቡ ደህንነት አንድ ስልክ ይበቃል፤ እሱንም የምትይዘው እህቴ ናት። እኛ አበሾች ይሉኝታ ያጠቃናል፣ በዚያ ላይ «ካልታየሁ ይተኩኛል» የሚል የስደተኛ ፍርሃት አለብን። ፍርሃቱ ከመሬት የመጣ አይደለም። ነገር ግን አንድ መሥሪያ ቤት ያለ አንድ ሰው አምስት ቀን መዋል ካልቻለ ችግሩ የሰው ኃይሉ ማነስ ነው፤ የእናታችን ምሽት ሊሸፍነው አይገባም።

ለሚሄዱ ጥቂት ተግባራዊ ነገር ልበል። የልጆች ትምህርት የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ያ ወቅት እዚያ ዶፍ የሚወርድበት፣ መንገዱ የሚጨቀይበት ነው። ከቻላችሁ ከኅዳር እስከ ጥር ሂዱ። ካልቻላችሁ ቦት ጫማና ዝናብ ልብስ ያዙ፣ ለመንገድ አንድ ትርፍ ቀን መድቡ። ስለ ወባና ስለ ቢጫ ወባ ክትባት ከመሄዳችሁ ሳምንታት አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ለአዛውንት አጭር መንገድና መቀመጫ ይበልጣል፤ ፏፏቴው ሁሉ ካልታየ አትበሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አንርሳ። ለእኛ ዕረፍት የሆነው ደን ለአካባቢው ሰው የሥራ ቦታ ነው። ቡናውን የሚለቅሙት፣ ረጅም ዛፍ ወጥተው ቀፎ የሚሰቅሉት ኑሯቸው እዚያ ነው፤ ደኑንም ጠብቀው ያቆዩልን እነሱ ናቸው። ለአስጎብኚው ተገቢውን ክፈሉ፣ ማሩንና ቡናውን ከባለቤቱ ግዙ። የእነሱ ሥራ ከባድ ነው፣ ገቢውም ትንሽ። ሆኖም ሲመሽ ከዛፉ ይወርዳሉ። እኛ ነን መሽቶም ነግቶም ዛፉ ላይ ያለነው።

ዘንድሮ ትኬት የምትቆርጡ ወገኖቼ፣ የመመለሻውን ቀን ስትመርጡ የማትሠሩባቸውንም ቀናት አብራችሁ ምረጡ። አምስት ቢሆኑ ይበቃል። ሥራው ስንመለስ ይጠብቀናል፤ እናቶቻችን ግን እስከዚያ ድረስ በሕይወት ስለመቆየታቸው ዋስትና የለንም።

ቸር ይግጠመን።