የፈረሰው እርሾ ሥራ

የጠላ ጋን ሲንተከተክ የሰማ ሰው በውስጡ ሕይወት ያለው ነገር እንዳለ አይጠራጠርም። የፈረንሳዩ ሊቅ ሉዊ ፓስተርም ያስተማረው ይህንኑ ነበር። ሕያው እርሾ ከሌለ ስኳር ወደ አልኮል አይለወጥም አለ፤ ቃሉም ለብዙ ዘመን ጸንቶ ቆየ።

ኤድዋርድ ቡክነር የተባለው የጀርመን ኬሚስት ግን በ1897 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ይህን ትምህርት የሚያፈርስ ነገር አስታወቀ። የቢራ እርሾ ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ በብርቱ መጭመቂያ ቢጨምቀው፤ ከ1 ኪሎው እርሾ ግማሽ ሊትር ያህል ጭማቂ ወጣለት። ጭማቂው የተፈለገው ለሕክምና ምርመራ ነበርና እንዳይበላሽ ስኳር ተጨመረበት። ጸጥ ብሎ ይቀመጣል ሲባል አረፋ ያወጣ ጀመር። አንድም ሕያው ሕዋስ ሳይኖርበት ፈላ! ቡክነር በ1907 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ከ10 ዓመት በኋላ ግን በጦርነት ላይ ሩማንያ ውስጥ ቆስሎ ሞተ።

«ይህ የቆየ ታሪክ ነው፤ ዛሬ ምን አስነሣው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ያስነሣው የፕሮቲን ነገር ነው። ፕሮቲን ማለት የሥጋና የእንቁላል ምግብነት ብቻ አይደለም። ኢንሱሊንም ፕሮቲን ነው። በ1986 በአሜሪካ የተፈቀደው የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ሕያው እርሾ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ሕያው እርሾ ግን የራሱ ኑሮ አለበት፤ ይመገባል፤ ይራባል፤ የታዘዘው ፕሮቲን መርዝ ከሆነበትም ይሞታል። ስለዚህ አንዳንድ ሊቃውንት ሕዋሱን አፍርሰው መሣሪያዎቹን ብቻ ማሠራት መረጡ።

ከመሣሪያዎቹ ዋነኛው ሪቦዞም ይባላል። ሪቦዞም እንደ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነው፤ ረቂቁ ሲሰጠው የማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ፊደል በፊደል ተከትሎ ፕሮቲን ይሠራል። ኒረንበርግና ማታይ በ1961 አሜሪካ ውስጥ ይህን ያሳዩት ከባክቴሪያ በወጣ ጭማቂ ነበር። ዛሬ የባክቴሪያ ጭማቂ በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራምና ከዚያም በላይ ፕሮቲን ይሰጣል። የእርሾው ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት ማይክሮ ግራም ብቻ ነው፤ የሺህ እጥፍ ያህል ልዩነት ማለት ነው። ታዲያ በእርሾ ለምን ይደከማል? እርሾ እንደ ሰው ሕዋስ ኒውክሊየስ ያለው ስለ ሆነ፤ በአሠራሩ ከባክቴሪያ ይልቅ ለኛ ይቀርባል።

ምርቱን ለማሻሻል መጀመሪያ የሚታየው እርሾው የሚሰበሰብበት ሰዓት ነው። በፍጥነት በሚራባበት ጊዜ ሪቦዞሙ ይበዛልና፤ ያን ጊዜ ይለቀማል። ሲፈርስም መሣሪያዎቹ እንዳይሰበሩ ቀስ ተብሎ ነው። ለረቂቁም ራስና ጅራት ይበጅለታል፤ አለዚያ ሪቦዞሙ አይቀበለውም፤ ቶሎም ይበጣጠሳል።

ከሁሉ የከፋው ችግር ግን ሌላ ነው። ለሥራው ኃይል የሚሰጠው ክሬአቲን ፎስፌት የተባለው ቅመም ነው። ይህ ቅመም ሲቃጠል ፎስፌት እየተረፈ ይከማቻል፤ ሥራውንም ያንቃል። የተጻፈበት ወረቀት የማይነሣለት፤ ባዶ ወረቀትም የማይመጣለት ታይፒስት ምን ያህል ሊሠራ ይችላል? ሕያው ሕዋስ ጉድፉን ያወጣል፤ ጭማቂ ግን በር የለውም። በ2014 የአሜሪካው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በር አበጁለት። ጭማቂውን ለኩላሊት ሕሙማን ደም እንደሚደረገው በስስ ወንፊት ለይተው፤ ቆሻሻው እንዲወጣና አዲስ ስንቅ እንዲገባ አደረጉ። ሥራውም ረዘም ላለ ጊዜ ቀጠለ፤ ምርቱም ከፍ አለ።

ቅመሙ ግን ውድ ነው። በዚህ ዋጋ መድኃኒት ይሠራል ማለት ለኔ ገና ሩቅ ይመስለኛል። በ2015 በዚሁ ዩኒቨርሲቲ በውዱ ቅመም ፈንታ ተራ ግሉኮስ ቢሰጠው፤ በሚሊ ሊትር 3.64 ማይክሮ ግራም ተገኘ። ብዛቱ ትንሽ ቢሆንም፤ በወጣበት ገንዘብ ሲመዘን ከቀድሞው 16 በመቶ ብልጫ አሳየ። የፈረሰው እርሾ ቡክነር እንዳየው ስኳሩን አቃጠለ፤ በዚያም ኃይል ፕሮቲን ሠራ።