መምህር ሻማ አይደለም

ሰሞኑን አንድ አንጋፋ የገጠር መምህር በ80 ዓመታቸው አረፉ። ዜናው ፌስቡክ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ከሥሩ የተጻፈውን ሳነብ አመሸሁ። አብዛኛው «ራሱ ቀልጦ ለሌላው ያበራ ሻማ» የሚል ነው፤ አንዳንዱ የሻማ ሥዕልም አክሎበታል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ቢሆንም ይህ አባባል ከሐዘን መግለጫችን ይውጣ ባይ ነኝ። ሻማ ሲቀልጥ ተጠያቂ የለም፤ መቅለጥ ተፈጥሮው ነው። መምህርን የሚያቀልጠው ግን ደሞዙን የሚወስን፣ የሚያዘገይ፣ ጡረታውን የሚያሰላ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ወንበርና ማኅተም አለው።

ሟቹን የማውቃቸው የእናቴ አስተማሪ ስለነበሩ ነው። ቤተሰቡ ስማቸው ሙግት ውስጥ እንዲገባ ስላልፈለገ አልጽፈውም። በ1958 ከደብረ ብርሃን የመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው ወደ መንዝ ሲላኩ 20 ዓመታቸው ነበር። ትምህርት ቤት የተባለው ዳስ ነው። ልጆቹ የሚቀመጡት ድንጋይ ላይ ነው፤ የበልግ ዝናብ ሲጥል ይበተናሉ። እሳቸውን ያስቸገራቸው ግን ዝናቡ ሳይሆን አባቶቹ ነበሩ። አንዱ እረኛዬን አልሰጥም ይላል፣ ሌላው ሴት ልጅ ተምራ ምን ልትሆን ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ በርኖሳቸውን ደርበው ቤት ለቤት ይዞሩ ነበር። አያቴ ሁለቴ መልሰዋቸዋል። በሦስተኛው «እንግዲያው ግማሽ ቀን ለእኔ ስጡኝ፣ ግማሹን በጎቹን ትጠብቅ» አሏቸው። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በዚህ ውል ነው። ለእረኞች የተለየ ሰዓት ይኑር የሚል መመሪያ ከየትም አልመጣላቸውም፤ እሳቸው አወጡት፣ እሳቸው ሠሩበት።

በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ቀን ልጆቹን፣ ማታ ወላጆቹን ማስተማር ጀመሩ። አያቴ አውራ ጣታቸውን ቀለም መንከር ትተው በእጃቸው መፈረም የቻሉት ያኔ ነው። ዘመቻው የዩኔስኮ ሽልማት ያገኘ ነው። ሽልማቱን የተቀበለው መንግሥት ሲሆን፣ የእናቴ ሰፈር የኩራዝ ጋዝ ግን የሚገዛው ከመምህሩ ኪስ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ማድነቅ ተገቢ ነው። ችግሩ አድናቆቱ ግማሹን ታሪክ መዝለሉ ላይ ነው። ሻማ አድማ አይመታም። የእኚህ ሰው ትውልድ ግን መቷል። በየካቲት 1966 በመላ አገሪቱ መምህራን ሥራ ያቆሙት «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመውና የደሞዝ ጥያቄ አንስተው ነው፤ የአብዮቱ ወላፈን ከተነሳባቸው ቦታዎች አንዱ ያ ነበር። እሳቸውም ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ከባልደረቦቻቸው ጋር አቁመዋል። በሐዘን መግለጫዎቹ ውስጥ ይህን የሚያነሳ አንድ መስመር አላገኘሁም። ዝም ብሎ የቀለጠው መምህር ይወደሳል፣ የጠየቀው ይረሳል።

ለጥያቄ የተከፈለውም ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ከ1941 ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው። ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት በ1988 ታስረው እስከ 1994 በእስር ቆይተዋል። ከአመራሮቹ አንዱ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ በሚያዝያ 1989 አዲስ አበባ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ስለ መምህር መሥዋዕትነት ማውራት የሚወድ ሰው ከዚህ ይጀምር።

አሁን ወደ ደሞዙ። በወላይታና በሃዲያ መምህራን ደሞዛቸው እየዘገየ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ትናንት ነው። በትግራይ በጦርነቱ ጊዜ ያልተከፈለ የ17 ወር ደሞዝ ዛሬም ጥያቄ ነው። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መምህሩ ቢያስተምር በአንዱ ወገን፣ ባያስተምር በሌላው ይጠየቃል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ሲሆን ብዙ ጣት የተቀሰረው ወደ መምህሩ ነው። ሻማነቱ የሚታወሰው ሲቀበር ብቻ ነው ማለት ነው።

ከሁሉ የባሰው ጡረታው ነው። በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየተጨመረ ይሰላል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ለ40 ዓመት ያስተማረ ሰው 67.5 በመቶ ይደርሰዋል። በወረቀት ሲታይ አይከፋም። ነገር ግን የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደሞዝ ላይ ነው። በ1998 ጡረታ የወጣ መምህር የተሰላለት በ1990ዎቹ ደሞዝ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዶላር ምንዛሪ ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። በመስከረም 2018 የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ ሲጨመር የጡረተኛው መነሻ ያው የድሮው ነው። አልፎ አልፎ የሚመጣው ማስተካከያ የጤፍን ዋጋ ሊከተል ቀርቶ ጀርባውንም አያይም። ልብ በሉ፣ ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ሰውየው በሥራ ላይ ሳሉ ከደሞዛቸው ሲቆረጥ የኖረ ገንዘብ ነው።

«አገሪቱ ደሃ ናት፣ ከየት ይምጣ?» የሚል መልስ ይመጣል። ደህና፣ የጡረታ መነሻን በየጊዜው ከሚሻሻለው የደሞዝ ስኬል ጋር ማያያዝ ስንት ያስወጣል? ተሰልቶ ይነገረንና እንከራከር። «ሙያው በገንዘብ አይለካም» የሚለው ግን መልስ አይደለም። ዳኛም ሐኪምም ክቡር ሙያ አላቸው፤ ቀልጣችሁ አብሩ ሲባሉ ሰምቼ አላውቅም።

የሟቹ ታናሽ ልጅ ስትነግረኝ፣ አስተማሪ መሆን ፈልጋ ነበር። የከለከሏት አባቷ ናቸው። «ከዚህ ቤት አንድ ይበቃል» አሏት፤ ሒሳብ ሠራተኛ ሆነች።

እሷው እንደነገረችኝ፣ በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት የዓይን ሞራ ጋርዷቸው ማንበብ አቁመው ነበር። ለቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ መጥቶ መሰንበት ይጠይቃል፤ የትራንስፖርቱና የማረፊያው ወጪ ከብዷቸው ከዓመት ዓመት ሲያሸጋግሩት ቆዩ። አሁን ከዋሽንግተንና ከዱባይ ሳይቀር የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ተጠራርተው ለሐውልት ገንዘብ እያሰባሰቡ ነው። ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ የባንክ ሒሳብ ተከፍቷል፣ በአንድ ሳምንት የገባው ገንዘብ ለብዙ ሰው ዓይን ይበቃል።

በዚያው ትምህርት ቤት ያስተማሩ ሦስት ጡረተኞች በሕይወት አሉ። ሁለቱ ልጆቻቸው ዘንድ ተጠግተዋል። አንደኛው ብቻቸውን ኪራይ ቤት ናቸው፤ የእሳቸውም ዓይን እየደከመ ነው። የሦስቱንም ስልክ ለኮሚቴው ልኬያለሁ። እስካሁን መልስ አልመጣም፤ የሐውልቱ ንድፍ ግን በግሩፑ ተለቋል።